ሶሻል ኢንቨስትመንትና እኩልነት በእንግሊዝ አገር፦ የሐበሻ ማህበራት ደጋግመው የሚጠይቁት

ይሄ የተጻፈው እንግሊዝ ውስጥ ሲአይሲ (ለማህበረሰብ ጥቅም የሚቋቋም ኩባንያ)፣ ቻሪቲ (የበጎ አድራጎት ድርጅት) ወይ የኮሚኒቲ ማህበር ለሚያንቀሳቅሱ፣ ወይ የአንዱ ቦርድ ላይ ላሉ ሰዎች ነው። የህግ ምክር አይደለም፣ ፊርማ ከማስቀመጣችሁ በፊት ጠበቃ ወይ አካውንታንት አነጋግሩ።

ሶሻል ኢንቨስትመንት ምንድነው? ግራንት በሌላ ስሙ ነው?

ኧረ አይደለም። ግራንት ወስደህ፣ ሰርተህ፣ ሪፖርት ጽፈህ የምትገላገለው ነው። ሶሻል ኢንቨስትመንት ግን የሚመለስ ብር ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ብድር ነው ከነወለዱ፣ አንዳንዴ ደሞ ሼር ወይ ከገቢያችሁ ላይ ድርሻ የሚወስዱበት አይነት። አበዳሪው ትርፉን ብቻ ሳይሆን ስራው ለሰው ምን ጠቀመ የሚለውንም ስለሚያይ ባንክ ከበር የሚመልሳቸውን ድርጅቶች ቁጭ አርጎ ያነጋግራል። ርካሽ ነው ብላችሁ ግን አትሂዱ። ማስያዣ ሳይጠይቅ የሚያበድር ሰው ሪስኩን በወለድ ነው የሚያካክሰው፣ ወለዱን አይተው "ታዲያ ሶሻልነቱ የቱ ጋ ነው?" ብለው የሚናደዱ አሉ፣ እኔ አልፈርድባቸውም።

ብሩ ከየት ነው የሚመጣው?

ከብዙ ቦታ፣ ዋናው ምንጭ ግን የተረሳ ብር ነው። በ2008 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የወጣ ህግ አለ፣ ባንክ ወይ ቢልዲንግ ሶሳይቲ (የቁጠባና የቤት ብድር ተቋም) ውስጥ 15 ዓመት ሙሉ ባለቤቱ ያልነካው አካውንት ሲኖር ብሩ ለማህበራዊ ስራ እንዲውል የሚፈቅድ (ባለቤቱ በኋላ ከመጣ ብሩ ይከፈለዋል፣ መብቱ አይጠፋም)። በዚህ ብርና ባርክሌይስ፣ ኤችኤስቢሲ፣ ሎይድስና አርቢኤስ ባዋጡት በ2012 ቢግ ሶሳይቲ ካፒታል ተቋቋመ፣ ሲጀመር እስከ 600 ሚሊዮን ፓውንድ ይኖረዋል ተብሎ ነበር፣ 200 ሚሊዮኑ የአራቱ ባንኮች ነው። በ2024 ስሙን ቀይሮ ቤተር ሶሳይቲ ካፒታል ሆኗል። እሱ ጋ ሄዳችሁ ብድር አትጠይቁም፣ ጅምላ አከፋፋይ በሉት፣ ለሌሎች ፈንዶች ይሰጣል፣ እነሱ ናቸው ለእናንተ የሚያበድሩት።

በ2015 ደሞ አክሰስ የሚባል ፋውንዴሽን መጣ፣ ከቢግ ሶሳይቲ ካፒታልና ከናሽናል ሎተሪ ኮሚኒቲ ፈንድ ጋር ሆኖ ግሮውዝ ፈንድ የሚባለውን ጀመረ፣ እሱ እስከ 150,000 ፓውንድ የሚደርስ ትንሽ ብድር ከግራንት ጋር ቀላቅሎ እንዲሰጥ የተሰራ ነበር። በ2022 ህጉ ሰፍቶ የተረሳ ኢንሹራንስ፣ ጡረታና ሼርም ገብቶበታል።

ይሄን የማወራው ለጠቅላላ እውቀት አይደለም። ብሩ የአንድ ሀብታም የግል ኪስ አይደለም፣ ከህዝብ አካውንት የተሰበሰበ ነው፣ የስደተኛም አካውንት አይጠፋበትም። ስለዚህ ለማን ደረሰ ብሎ መጠየቅ ልመና አይደለም።

እኩልነት፣ ብዝኃነት፣ አካታችነት ምናምን የሚባለው ከብድር ጋር ምን አገናኘው?

ብዙ ሰው ጉዳዩን ዌብሳይት ላይ ያለ ፎቶ አርጎ ነው የሚያየው፣ አንድ ጥቁር፣ አንድ ሒጃብ የለበሰች፣ አንድ ዊልቸር ላይ ያለ፣ ከስር ደሞ "ለብዝኃነት ቁርጠኛ ነን" የሚል ጽሁፍ። እሱ ምንም አይለውጥም። ጥያቄው ሁለት ነው፣ ብሩን ለማን እንስጥ ብሎ የሚወስነው ክፍል ውስጥ ማን ተቀምጧል፣ ሁለተኛው ደሞ የብድሩ ቅርጽ ራሱ ለማን ተብሎ ተሰፋ። ሁለተኛውን ሰው ይረሳዋል፣ በኔ ግምት ግን ክብደቱ እሱ ላይ ነው። ኮሚቴው ውስጥ አንድ ኤርትራዊና አንድ ጃማይካዊ ጨምረህ ብድሩ እንደድሮው ትልቅ፣ ማስያዣ የሚፈልግ፣ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ የሚከፈል ከሆነ ሁለቱም ቁጭ ብለው ያንኑ "አይሆንም" በትህትና መናገር ነው የሚተርፋቸው።

እሺ ህጉ ለሁሉም እኩል ነው፣ ፎርሙ ለሁሉም አንድ ነው፣ ታዲያ የት ላይ ነው የምንገለለው?

እዚህ ላይ በምሳሌ ልሂድ። እንጀራ ጋግረው ኬተሪንግ የሚሰሩ ስድስት ሴቶች ሲአይሲ ከፈቱ እንበል። ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) ለአረጋውያን የምሳ ፕሮግራም ኮንትራት ሊሰጣቸው ፈቅዷል፣ ጥሩ እድል ነው። አሁን ግን በየቤታቸው ኩሽና መስራት አይበቃም፣ የተከራዩት ኪችን ኤሌክትሪኩ አራት ምጣድ ባንዴ አይችልም፣ መስመሩ መቀየር አለበት፣ አከራዩ ዲፖዚት ይፈልጋል፣ ጤፉ በጆንያ አስቀድሞ ይገዛል፣ ካውንስሉ ደሞ የሚከፍለው ሰርተህ ኢንቮይስ ከላክህ በኋላ ነው። 40,000 ፓውንድ ቢያገኙ ስራው ይነሳል።

ወደ ፈንዱ ይሄዳሉ። መጀመሪያ የሶስት ዓመት ኦዲት የተደረገ ሂሳብ አምጡ ይባላሉ። ህጉ ራሱ ትንሽ ድርጅትን ኦዲት አያስገድድም፣ እነሱ ደሞ ከተመዘገቡ ገና ሁለተኛ ዓመታቸው ነው፣ ከዛ በፊት ለሰባት ዓመት ለሰርግና ለክርስትና ሲሰሩ የነበረው በደብተር ነው የተያዘው፣ ደብተሩ በአማርኛ ነው፣ እያንዳንዱ ሳንቲም አለበት ግን "ትራክ ሪከርድ" ተብሎ አይቆጠርም። ቀጥሎ ማስያዣ፣ ማህበሩ ቤት የለው። ቀጥሎ የአምስት ዓመት ካሽ ፍሎው በኤክሴል፣ "ቴዎሪ ኦፍ ቼንጅ" የሚባል ሰነድ (ስራው እንዴት ለውጥ እንደሚያመጣ የሚያስረዳ)፣ ይሄን የሚጽፍ ኮንሰልታንት ደሞ የሚከፈለው ከብድሩ በፊት ነው። ከዛ ትንሹ ብድር 100,000 ነው ይሏቸዋል፣ ለምን ቢባል 40,000ውን ለመመርመር የሚፈጀው ስራና 400,000ውን ለመመርመር የሚፈጀው ስራ እምብዛም ስለማይለያይ ለፈንዱ አያዋጣውም።

እዚህ ውስጥ ማንም ሰው ዘረኛ ንግግር አልተናገረም። ሁሉም ሰው ፈገግ እያለ ነው የሸኛቸው። ግን ቤት የወረሰ፣ አካውንታንት ጓደኛ ያለው፣ ሃያ ዓመት ግራንት ሲበላ የኖረ ድርጅት ያንኑ ፎርም በሁለት ቀን ሞልቶ ያልፋል። ለሁሉም አንድ የሆነ ደንብ አንዱን ወገን ለብቻው ሲጎዳና በቂ ምክንያት ሳይኖረው ሲቀር የእንግሊዝ ህግ ቀጥተኛ ያልሆነ አድልዎ ይለዋል፣ "በቂ ምክንያት" የሚለው ላይ ነው ሁሉም የሚከራከረው።

ታዲያ ምን ቢደረግ ይሻላል? የሚሰራ ነገር አለ?

አለ፣ አዲስ ፈጠራም አይደለም። ለምሳሌ ከላይ ላሉት ሴቶች 40,000ውን ሙሉ በብድር ከመስጠት 28,000 ብድር 12,000 ግራንት ማረግ ይቻላል፣ ብሌንድድ ፋይናንስ የሚሉት እሱን ነው፣ ግራንቱ ለኤሌክትሪክና ለዲፖዚት ይውላል፣ ብድሩ ለስራ ማስኬጃ። የእፎይታ ጊዜ 6 ወር ወይ 12 ወር መስጠት፣ የካውንስሉ ክፍያ ሳይገባ ብድር መክፈል ከጀመሩ ሁለተኛው ወር ላይ ነው የሚወድቁት። ከገቢ ላይ በመቶኛ መክፈልም አለ፣ ጥሩ ወር ላይ ብዙ፣ ጾም ገብቶ ሰርግ በቆመበት ወር ትንሽ።

ከገንዘቡ ውጪ ደሞ ፎርሙን ማሳጠር፣ በቪዲዮ ወይ በአካል መጥቶ ማስረዳትን መቀበል፣ ከማመልከቱ በፊት ሰው መድቦ ሂሳባቸውን አብሮ ማስተካከል። ይሄ የመጨረሻው ወጪ አለው፣ ብዙ ፈንዶችም የሚሸሹት ለዚህ ነው፣ ግን ካልተደረገ የቀረው ሁሉ ጌጥ ነው ብዬ ነው የማምነው።

የ2022ቱ ሪፖርት የሚባለው ምንድነው?

ሎርድ ቪክተር አደባዋሌ የሚመሩት በሶሻል ኢንቨስትመንት ላይ የተቋቋመ ገለልተኛ ኮሚሽን ነበር፣ በጥር 2022 ሪፖርቱን አወጣ። ሰውዬው በወቅቱ የሶሻል ኢንተርፕራይዝ ዩኬ (ለማህበራዊ ዓላማ የሚነግዱ ድርጅቶች፣ ሶሻል ኢንተርፕራይዞች የሚባሉት፣ ስብስብ) ሊቀመንበር ነበሩ፣ ዘርፉን ከውጪ ሆኖ የሚሰድብ ሰው አይደሉም፣ ለዛም ነው ሪፖርቱ የተሰማው። ባጭሩ ዘርፉ አስር ዓመት ሰርቶ ሶሻል ኢንተርፕራይዞች የሚፈልጉትን አይነት ገንዘብ በበቂ አላቀረበም፣ በጥቁሮች የሚመሩት ደሞ ከሌላው ብሰው ተጎድተዋል ነው የሚለው። ካቀረባቸው ሃሳቦች ውስጥ በብዛት የተወራለት በጥቁሮች ለሚመሩ ድርጅቶች ከተረሳው ብር 50 ሚሊዮን ፓውንድ ተመድቦ የተለየ ፈንድ ይቋቋም የሚለው ነው።

ከዛ በኋላ ፓዝዌይ ፈንድ የሚባል መጥቷል፣ በጥቁርና በሌሎች አናሳ ብሔረሰብ ሰዎች የሚመራ፣ ልክ እንደ ቤተር ሶሳይቲ ካፒታል ጅምላ አከፋፋይ ሆኖ እንዲሰራ የታሰበ። ዳይቨርሲቲ ፎረም የሚባል የኢንቨስተሮቹ ስብስብም አለ፣ እርስ በርሳቸው ቦርዳቸውንና ኮሚቴያቸውን እንዲያዩ የሚገፋ። መንገዱ ተከፍቷል፣ ግን ሰዉ ገና በር ላይ ነው።

"ብላክ-ሌድ" (በጥቁሮች የሚመራ) ሲሉ እኛን ይጨምራል?

ይጨምራል። አንዳንድ ወንድሞች "እኛ ሐበሻ ነን እንጂ" ብለው ፎርሙ ላይ "ሌላ" የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ያደርጋሉ፣ ማንነት የራስ ነው፣ እሱን አልከራከርም፣ ግን "ሌላ" ውስጥ የገባ ሰው ቁጥሩ ውስጥ ይጠፋል፣ በሚቀጥለው ዓመት "ከምስራቅ አፍሪካ ጠያቂ የለም" ተብሎ ይጻፋል። "አፍሪካዊ" የሚለውን መርጦ ቦታ ካለው ኢትዮጵያዊ ወይ ኤርትራዊ ብሎ መጻፍ ይሻላል።

"ሌድ" የሚለው ግን ከፈንድ ፈንድ ይለያያል። በብዛት ከቦርዱና ከከፍተኛ ሃላፊዎቹ ከግማሽ በላይ ከዛ ማህበረሰብ እንዲሆኑ ነው የሚፈለገው፣ አንዳንዱ ከዛም ከፍ ያረገዋል። አንድ ሐበሻ ለፎቶ ቦርድ ላይ አስገብቶ የሚያመለክት ድርጅትም አይጠፋም፣ ስማችሁን እንዲህ ላለ ነገር ከመስጠታችሁ በፊት ቼክ ላይ የመፈረም መብት አለኝ ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ኮታ ይፈቀዳል? ለጥቁር ብቻ ተብሎ ብር መመደብስ አድልዎ አይደለም?

በ2010 የወጣው የእኩልነት ህግ ዘጠኝ ነገሮችን ይጠብቃል፦ እድሜ፣ አካል ጉዳት፣ ጾታን መቀየር፣ ጋብቻና ሲቪል ፓርትነርሺፕ፣ እርግዝናና ወሊድ፣ ዘር፣ ሃይማኖት ወይ እምነት፣ ጾታ፣ የጾታ ዝንባሌ። (ኖርዘርን አየርላንድ የራሱ ህጎች አሉት።) ቅጥር ላይ በዘር ኮታ ማስቀመጥ አይፈቀድም። ሁለት እኩል ብቃት ያላቸው ሰዎች ሲመጡ ግን ከተጎዳው ወገን የሆነውን መምረጥ ይቻላል፣ እንዲሁም ለተጎዳው ወገን የተለየ ስልጠና፣ ድጋፍ፣ ቅስቀሳ ማድረግ ይቻላል፣ ጉዳቱን ለማካካስ የሚመጣጠን እስከሆነ ድረስ። ስለዚህ "ህጉ አይፈቅድልንም" ብሎ እጁን የሚያጣጥፍ ፈንድ ብዙ ጊዜ ህጉን ሳይሆን ፍርሃቱን ነው የሚያወራው።

የኛ ማህበር ሐበሻን ብቻ ነው የሚያገለግለው፣ ገንዘብ ስንጠይቅ ይሄ ችግር ይሆንብናል?

ቻሪቲ ከሆናችሁና የመተዳደሪያ ሰነዳችሁ ላይ በግልጽ ተጽፎ ከሆነ፣ ደሞ ያንን ማህበረሰብ የገጠመውን ጉዳት ለማካካስ ከሆነ ህጉ ይፈቅዳል። በቆዳ ቀለም መለየት ብቻ ነው የማይቻለው። ሲአይሲ ከሆናችሁ ግን ይሄ የቻሪቲ ልዩ ፈቃድ ስለማይሸፍናችሁ ጠበቃ ጠይቁ። በተግባር አበዳሪዎች "ለሁሉም ክፍት ነን፣ ግን በአማርኛና በትግርኛ ነው የምንሰራው" የሚል ድርጅት ላይ ችግር ሲያነሱ አላየሁም።

ወለድ የማይወስዱ አባላት አሉን፣ ምን እናድርግ?

ይሄ ከሁሉም በላይ የሚረሳው ነው። ሙስሊም አባላት ያሉበት ማህበር ብድር አማራጭ ሆኖ ሲቀርብለት ዝም ብሎ ይወጣል፣ ማመልከቻ ስላላስገባ ውድቅ ተደረገ ተብሎም አይቆጠርም፣ ፈንዱ መዝገብ ላይ የለም። ፍላጎት የላቸውም ተብሎ ይታለፋል።

መፍትሄው ያን ያህል ከባድ አይደለም። ከገቢ ላይ ድርሻ መውሰድ አለ፣ እቃውን ፈንዱ ገዝቶ ማከራየት አለ፣ ወይ ገዝቶ በታወቀ ጭማሪ በክፍያ መሸጥ አለ፣ ሼርም አለ። አገር ቤት እንኳን ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ የሆነው ዘምዘም ባንክ በ2021 ስራ ጀምሯል። ለአበዳሪው "ወለድ የሌለበት ምርት አላችሁ ወይ?" ብላችሁ በጽሁፍ ጠይቁ፣ የለንም ቢሉም ጥያቄው መዝገብ ላይ ይቀራል። ስሙ ብቻ ተቀይሮ ሒሳቡ ያው ወለድ እንዳይሆን ደሞ የምታምኑትን ዓሊም አሳዩት፣ እኔ እዚህ ላይ ፈትዋ አልሰጥም።

ሴቶችና አካል ጉዳተኞችስ?

አካል ጉዳትን በተመለከተ አገልግሎት ሰጪ ሁሉ፣ አበዳሪም ጭምር፣ ተመጣጣኝ ማስተካከያ የማድረግ ግዴታ አለበት፣ ማየት ለማይችል ሰው ፎርሙን በሚነበብ አይነት መላክ፣ መስማት ለማይችል ስብሰባው ላይ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ማምጣት ሊሆን ይችላል። ዋናው እንደመብት መጠየቁ ነው።

ሴቶች ላይ ያለው ማነቆ ብዙ ጊዜ ማስያዣ ነው፣ እሱ ደሞ እንግሊዝ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። አገር ቤት የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ቤቱም መኪናውም በባል ወይ በአባት ስም ሆኖ ሴቷ ባንክ ስትሄድ የሚያዝ የላትም። በሴቶች ባለአክሲዮኖች የተመሰረተው እናት ባንክ በ2013 ስራ ሲጀምር ዋና ጉዳዩ ይሄው ነበር፣ በ2019 ደሞ የሚንቀሳቀስ ንብረት፣ ከብትና እቃ ሳይቀር፣ ማስያዣ እንዲሆን የሚፈቅደው አዋጅ ቁጥር 1147 ወጥቷል። ለንደን ያሉ ፈንዶች ሲከብዳቸው አዲስ አበባ የታሰበበት መሆኑን ስብሰባ ላይ ጣል ብታደርጉት አይጎዳም።

ዘሬን፣ ሃይማኖቴን፣ ዝንባሌዬን ለምን ይጠይቁኛል? ለማን ይሰጡታል?

ፍርሃቱ ይገባኛል፣ መታወቂያ ላይ ብሔር ሲጻፍበት ከኖረ አገር መጥተን ዘር የሚጠይቅ ፎርም ስናይ እጃችን ይንቀጠቀጣል። እዚህ ግን እነዚህ መረጃዎች በዳታ ህጉ ልዩ ጥበቃ አላቸው፣ "መናገር አልፈልግም" የሚል አማራጭ ሊኖር ይገባል፣ መረጃውም ከማመልከቻው ተለይቶ፣ ውሳኔ ሰጪው ሳያየው በቁጥር ብቻ መውጣት አለበት። ለምን እንደሚፈልጉት፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያስቀምጡት ካልጻፉ ጠይቁ።

ቁጥሩ ከሌለ ግን የምንከራከርበት ነገር የለም። ጥሩ ፈንድ የሚባለው ያመለከተ፣ ለመጨረሻው ዙር የደረሰ፣ የተፈቀደለት፣ የተፈቀደለት መጠንና ወለዱ ሁሉ በማህበረሰብ ተከፋፍሎ የሚያወጣ ነው። ያመለከተውን ብቻ የሚያወጣ ብዙ ነው፣ እሱ ግማሽ እውነት ነው።

አበዳሪው ጋ ስንሄድ እኛ ምን እንጠይቅ?

እኛ ሐበሾች ብር የያዘ ሰው ፊት ስንቀመጥ ጥያቄ መጠየቅ ነውር ይመስለናል፣ "እሺ፣ እሺ፣ እናመሰግናለን" ብለን ነው የምንወጣው። ጠይቁ። ኢንቨስትመንት ኮሚቴው ውስጥ እነማን ናቸው፣ ከነሱ ውስጥ ሶሻል ኢንተርፕራይዝ ራሱ የመራ አለ ወይ? ባለፈው ዓመት የፈቀዳችሁት ትንሹ ብድር ስንት ነው (ዌብሳይቱ ላይ ያለውን ሳይሆን)? ፐርሰናል ጋራንቲ (የግል ዋስትና) ትጠይቃላችሁ? ይሄኛውን በተለይ አትለፉት፣ ብዙዎቹ አይጠይቁም፣ ግን ከጠየቁ የፈረመው የቦርድ አባል በግል ንብረቱ፣ ቤቱን ጨምሮ፣ ተጠያቂ ሊሆን ይችላል። ሁለት ወር መክፈል ቢያቅተን ምን ታደርጋላችሁ? ከመፈረማችን በፊት የምንከፍለው ክፍያ አለ ወይ? መልሱን በኢሜይል እንዲልኩ አድርጉ።

የኛ ቦርድስ? አካታች ነው?

ይሄን ጥያቄ የሚጠይቅ ብዙ አይመጣም፣ እኔ ነኝ ያስገባሁት፣ ሳናነሳው ብናልፍ ደግ አይደለም። ብዙ ማህበር ብታዩ ቦርዱ ከሃያ ዓመት በፊት የመጡ ወንዶች ናቸው፣ አብረው የተማሩ ወይ አንድ ቤተክርስቲያን የሚሄዱ፣ ሊቀመንበሩ ሶስተኛ ዙሩ ነው። ሴቶቹ በዓል ሲሆን ዶሮውን ሰርተው፣ አዳራሹን አጽድተው፣ ስብሰባ ላይ ደሞ ቃለጉባኤ ይጽፋሉ እንጂ ባንክ ላይ ፈራሚ አይደሉም። እዚሁ የተወለዱት ልጆች ኤክሴልም ፎርምም የሚችሉት እነሱ ሆነው ስብሰባው በአማርኛ ብቻ ስለሆነ ሁለቴ መጥተው ይቀራሉ። ኦሮሞው፣ ትግሬው፣ ጉራጌው "የነሱ ማህበር ነው" ብሎ ከራቀ ደሞ ስሙ የኢትዮጵያ ማህበር ቢሆን ምን ያረጋል።

አበዳሪው ይሄን ያያል። አንድ ሰው ላይ የተንጠለጠለ ድርጅት ለሱ ሪስክ ነው፣ ሰውየው ቢታመም ብድሩን ማን ይከፍላል? የቦርድ ዘመን መገደብ፣ ቢያንስ አንዷ ፈራሚ ሴት እንድትሆን፣ ስብሰባው በሁለት ቋንቋ እንዲሆን ማድረግ ብር አይጠይቅም። ግን ጭቅጭቅ ይጠይቃል፣ ጋሼ እገሌን ማን ከወንበራቸው ያስነሳል የሚለው ነው ችግሩ።

ብድር ባንወስድስ? ሌላ መንገድ አለ?

ኮሚኒቲ ሼር የሚባለውን እዩት። ኮኦፐሬቲቭ (የህብረት ስራ ማህበር) ወይ ኮሚኒቲ ቤኔፊት ሶሳይቲ (ለማህበረሰቡ ጥቅም የሚሰራ የአባላት ማህበር) ሆናችሁ ስትመዘገቡ ከአባላት በሼር ብር መሰብሰብ ትችላላችሁ፣ አንድ ሰው እስከ 100,000 ፓውንድ ሊያስገባ ይችላል፣ ግን 50 ፓውንድ ያስገባውም 50,000 ያስገባውም ድምጹ አንድ ነው፣ እንደ እድር በሉት። ሃብታሙ አባል ማህበሩን መግዛት አይችልም ማለት ነው። ሼሩን ለሌላ ሰው መሸጥ ስለማይቻል መውጣት የፈለገ ከማህበሩ ነው የሚያወጣው፣ ደንቡ ሲፈቅድና ካዝናው ሲችል፣ ስለዚህ የቤት ኪራዩን ብር ማንም እንዳያስገባ ንገሯቸው።

ሲአይሲ ከሆናችሁ ደሞ የተመዘገባችሁት በሼር ነው ወይስ በጋራንቲ (ሼር የሌለው፣ አባላቱ ዋስ ብቻ የሚሆኑበት) የሚለውን ሰነዳችሁ ላይ አጣሩ፣ በጋራንቲ ከሆነ ሼር መሸጥ አትችሉም። በሼር የተመዘገበውም ለግል ባለሼሮች የሚከፍለው ትርፍ ጣሪያ አለው፣ ሊከፋፈል ከሚችለው ትርፍ 35 በመቶ። ብዙ ሰው ይሄን የሚያውቀው ኢንቨስተር ካመጣ በኋላ ነው።

ውድቅ ከተደረግንስ?

መጀመሪያ ምክንያቱን በጽሁፍ ጠይቁ፣ "ለጊዜው አይመጥንም" የሚለው ምክንያት አይደለም። የጎደለው የሂሳብ ሰነድ ከሆነ አስተካክላችሁ ተመለሱ፣ በሁለተኛው ዙር የሚያልፍ ብዙ ነው። ምክንያቱ ከስማችሁ፣ ከሃይማኖታችሁ፣ ከአነጋገራችሁ ጋር የተያያዘ ከመሰላችሁ የተባለውን፣ ቀኑንና ማን እንዳለው ጽፋችሁ ያዙ፣ ለፈንዱ በራሱ የቅሬታ መስመር አስገቡ፣ ኢኳሊቲ አድቫይዘሪ ኤንድ ሰፖርት ሰርቪስ የሚባለው ደሞ በነጻ ስልክ ያማክራል። አገልግሎት ላይ የተፈጸመ አድልዎን ካውንቲ ኮርት ለማቅረብ ያለው ጊዜ ስድስት ወር ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው ነው የሚያበቃው፣ የቅሬታውን መልስ ስትጠብቁ ጊዜው እንዳያልፋችሁ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስኬዱ።